ሆነስ ዋግነር ወይስ ካል ሪፕከን? የምንጊዜም ምርጡ ሾርትስቶፕ ማነው

የባልቲሞር ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ቤት ስለ እግር ኳስና ስለ ሩጫ ሌት ተቀን ይወራል፣ ቤዝቦልን ግን የሚያነሳ ሰው የለም፣ እኔ ደሞ ሜሪላንድ ያደግኩ ነኝና ዛሬ ልጀምረው። ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ ምርጡ ሾርትስቶፕ፣ ማለትም በሁለተኛውና በሶስተኛው ቤዝ (ሯጭ የሚረግጣቸው ማዕዘኖች) መሀል የሚቆመው ተከላካይ፣ ማነው? አብዛኛው ሰው ሳያስብ ሆነስ ዋግነር ይላል። እኔ ካል ሪፕከን ነው የምለው፣ የምለውም ያደግኩበት አገር ልጅ ስለሆነ ብቻ አይደለም።

ሪፕከን 1981 ላይ ባልቲሞር ኦሪዮልስ ገባ፣ 2001 እዛው ጨረሰ፣ የሌላ ቡድን ማሊያ አልለበሰም። 3,001 ጨዋታ፣ 3,184 ሂት (መትቶ ቤዝ የደረሰበት)፣ 431 ሆምረን (ዞሮ የሚያስገባ ትልቁ ምት)። ከሆምረኖቹ 345ቱን የመታው ሾርትስቶፕ ላይ ሆኖ ነው፣ ጫማውን ሲሰቅል በዛ ቦታ ከሱ በላይ የመታ ሰው አልነበረም። 1982 የአመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች፣ በቀጣዩ አመት ኤምቪፒ (የሊጉ ምርጥ ተጫዋች)፣ በዛው አመት ወርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) ፊላደልፊያን 4 ለ 1፣ የመጨረሻዋን ኳስ አየር ላይ የያዛትም እሱ ነው። 1991 ደግሞ ሁለተኛ ኤምቪፒ።

እና ሁሉም የሚያውቀው ነገር አለ፣ ከሜይ 30 1982 እስከ ሴፕቴምበር 19 1998 አንድም ጨዋታ አልቀረም፣ 2,632 ተከታታይ ጨዋታ። የድሮው የያንኪስ ተጫዋች የሉ ጌሪግ 2,130 ለ56 አመት ማንም አይደርስበትም ሲባል የኖረ ሪከርድ ነበር። ያውም ጌሪግ ፈርስት ቤዝ ነው የሚጫወተው፣ ሪፕከን ግን አብዛኛውን የቆመው ሜዳው ውስጥ ብዙ ሩጫና ግጭት ባለበት ቦታ ነው። እስቲ የዋግነር ሰዎች ኑ።

ሦስት ወንዝ፦

መጣን። ወንድሜ ስላነሳኸው አመሰግናለሁ፣ ግን በጭራሽ አልስማማም። እኔ ያለሁት ፒትስበርግ ነው፣ ፒኤንሲ ፓርክ ፊት ለፊት የማን ሀውልት እንደቆመ መቼም ታውቃለህ።

ዋግነር የጀርመን ስደተኞች ልጅ ነው፣ ገና በ12 አመቱ ከሰል ማውጫ ገብቶ የሰራ ልጅ። 1897 ሉዊቪል ጀመረ፣ 1900 ወደኛው ፒትስበርግ ፓይሬትስ መጣ፣ እስከ 1917 ተጫወተ። 8 ጊዜ የናሽናል ሊግ (ከሁለቱ ትልልቅ ሊጎች አንዱ) ባቲንግ ሻምፒዮን፣ ማለትም በአቬሬጅ አንደኛ፣ ሆኗል፣ በዛ ሊግ እስካሁን ማንም አልበለጠውም፣ የሳንዲያጎው ቶኒ ግዊን ነው እኩል የሆነው። ከ3,400 በላይ ሂት አለው፣ ከ720 በላይ ቤዝ ሰርቋል (ኳስ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ሮጦ ደርሷል)። ሪፕከን በ21 አመት ውስጥ ስንት ቤዝ ሰረቀ? 36። አቬሬጅ (ከመምታት ሙከራው ስንቱን ሂት እንዳደረገ) ብትል የዋግነር .328 አካባቢ ነው፣ የሪፕከን .276።

1909 ወርልድ ሲሪስ ላይ ከዲትሮይት ታይገርስ ጋር ተገናኙ፣ በዛኛው በኩል ታይ ኮብ አለ፣ ሁሉም ሰው የሁለቱን ፍልሚያ ነበር የሚጠብቀው። ዋግነር .333 መታ 6 ቤዝ ሰረቀ፣ ኮብ .231 ላይ ቀረ፣ ፓይሬትስ 4 ለ 3 ወሰዱት። 1936 ሆል ኦፍ ፌም (የቤዝቦል የክብር ቤት) ሲጀመር መጀመሪያ የገቡት አምስት ሰዎች ናቸው፣ ኮብ፣ ቤብ ሩት፣ ዋግነር፣ ክሪስቲ ማቲውሰን፣ ዋልተር ጆንሰን። ዋግነርና ሩት ያገኙት ድምፅ እኩል 215 ነው። ሰዉ ከሩት እኩል አድርጎ ያየው ነበር ማለት ነው፣ ይሄን አስቡት።

ሜሮን ከአሌክሳንድሪያ፦

ስላቋረጥኳችሁ ይቅርታ፣ ጨዋታው ብዙም አይገባኝም ግን ልጄ ዘንድሮ ጀምሯል፣ አሰልጣኙ ሾርትስቶፕ ላይ አቁሞታል። ጥሩ ቦታ ነው? ማለቴ ደስ ይበለኝ ወይስ እንዴት ነው ነገሩ 🙏

ግራ እጅ፦

እህቴ በጣም ደስ ይበልሽ! አሰልጣኝ እዛ የሚያቆመው እጁም እግሩም ጭንቅላቱም የሚሰራለትን ልጅ ነው። በሁለተኛውና በሶስተኛው ቤዝ መሀል ነው የሚቆመው፣ የሚመቱት ሰዎች አብዛኞቹ ቀኝ እጅ ስለሆኑ ኳሱ ወደሱ ይበዛል፣ ይይዝና ሜዳውን አቋርጦ ፈርስት ቤዝ መወርወር አለበት ሯጩ ሳይደርስ፣ ጊዜው ከአራት ሰከንድ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከእግር ኳስ ጋር ካያያዝሽው እንደ መሀል ተከላካይ ነው፣ የሱ ስህተት ወዲያው ዋጋ ያስከፍላል።

ለዚህ ነው ድሮ ሾርትስቶፕ ባይመታም ችግር የለውም የሚባለው፣ ኳስ ይያዝልን እንጂ። ለምሳሌ ከሪፕከን በፊት ኦሪዮልስ ጋ ማርክ ቤላንጀር ነበር፣ 8 ጎልድ ግሎቭ (የመከላከል ሽልማት) የወሰደ ድንቅ ተከላካይ፣ አቬሬጁ ግን .228፣ በሙሉ ዘመኑ የመታው ሆምረን 20 ነው። ሪፕከን ሲመጣ በአንድ አመት ብቻ 27 እና 28 መምታት ጀመረ። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ጋሽ ታክሲ፦

ልጆች ሰላም ዋላችሁ። እኔ በዛን ጊዜ ዲሲ ታክሲ እነዳ ነበር። እናንተ ናሽናልስን ታውቁ ይሆናል፣ እነሱ የመጡት ግን በ2005 ነው፣ ከዛ በፊት ከ1972 ጀምሮ ዋሽንግተን ቡድን የሚባል ነገር አልነበራትም፣ እና የአካባቢው ሰው ሁሉ ኦሪዮልስን ነበር የሚከተለው። እኛም ከተሳፋሪው ጋር ስንውል ሬዲዮው ላይ ለመድነው።

ሴፕቴምበር 6 1995 ማታ ሰው አሳፍሬ ነበር፣ ጨዋታው ከካሊፎርኒያ ኤንጅልስ ጋር ነው፣ ሪፕከን በዛው ማታ ሆምረን መትቷል፣ አምስተኛው ኢኒንግ (ከዘጠኙ ዙሮች አንዱ) አጋማሽ ላይ ደረሰና ጨዋታው ሕጋዊ ሆነ፣ ቢቋረጥም ይቆጠራል ማለት ነው፣ ሜዳው ጀርባ ያለው አሮጌ መጋዘን ላይ የተሰቀለው ቁጥር ወደ 2,131 ተቀየረ። ሕዝቡ ተነስቶ ማጨብጨብ ጀመረ፣ አላቆመም። የቡድን ጓደኞቹ ገፍተው አወጡት፣ አጥሩን ተከትሎ እየዞረ የሰዉን እጅ ይጨብጥ ጀመር፣ 22 ደቂቃ ጨዋታ ቆመ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን እዛው ነበሩ፣ የጌሪግ የድሮ የቡድን ጓደኛ ጆ ዲማጂዮም ነበር። ተሳፋሪዬ ቤቱ ደርሶ ሂሳቡን ከፍሎ አልወረደም፣ ሁለታችንም ዝም ብለን ስንሰማ ቆየን።

ደግሞ አትርሱ፣ ከዛ በፊት በነበረው አመት ተጫዋቾቹ ከባለቤቶቹ ጋር ተጣልተው ሥራ አቁመው ወርልድ ሲሪስ እንኳን ሳይካሄድ ቀርቶ ነበር። ሰዉ ቤዝቦልን ተቀይሞ ነበር። ያንን ቅሬታ ያበረደው በየቀኑ ሥራው የሚገኘው ሰው ነው። እኛ ሁለት ሥራ የምንሠራ ስደተኞች ይሄ ነገር ገብቶናል፣ ስለዚህ የኔ ድምፅ ለሪፕከን ነው።

የባልቲሞር ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ስታትስቲክስ ላይ አይገኝም 🙌

ሰባተኛ ኢኒንግ፦

ጋሼ የተናገሩትን አከብራለሁ፣ እንባዬ ነው የመጣው። ግን ጥያቄው ማን ምርጥ ነው እንጂ ማን ትጉህ ነው አይደለም። ተከታታይ ጨዋታ መጫወት ትልቅ ነገር ነው፣ ምርጥ ሾርትስቶፕ ለመባል ግን ምን አገናኘው? 1990 አቬሬጁ .250፣ 1992 .251 ከ14 ሆምረን ጋር፣ በነዛ አመታት እረፍት ይውሰድ የሚለው ሰው ብዙ ነበር፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው፣ የደከመ ሰው ለቡድኑ ሲል መቀመጥ አለበት። መትቶ ደብል ፕሌይ ውስጥ ደግሞ 350 ጊዜ ገብቷል (በአንድ ምት ሁለት የራሱ ቡድን ሰው የወጣበት)፣ አልበርት ፑሆልስ እስኪያልፈው ድረስ ይሄ መጥፎ ሪከርድ የሪፕከን ነበር። ይሄ ሁሉ ሲደመር ዋግነር አጠገብ አይደርስም።

ግራ እጅ፦

@ሰባተኛ ኢኒንግ የ1990ን አቬሬጅ ስትጠቅስ የዛኑ አመት መከላከል ለምን ትተዋለህ? በ161 ጨዋታ 3 ኤረር (የመከላከል ስህተት) ብቻ ነው ያለው፣ ፊልዲንጉ (ያለ ስህተት የመከላከል መጠኑ) .996፣ ለሾርትስቶፕ በጊዜው ሪከርድ ነው። ሰውዬው ባይመታም ኳስ እየያዘ ነበር ማለት ነው። ደሞ አንተ ስትለው ቀላል ይመስላል እንጂ እስከ ሴፕቴምበር 1987 ድረስ 8,243 ተከታታይ ኢኒንግ ተጫውቷል፣ አንድም ኢኒንግ ሳይቀየር፣ ያስቆመው የገዛ አባቱ ነው፣ ካል ሲኒየር ያኔ የቡድኑ ማናጀር ነበር፣ ቶሮንቶ ላይ 18 ለ 3 እየተመሩ አስወጣው። በቀጣዩ አመት ኦሪዮልስ የመጀመሪያዎቹን 21 ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸነፉ፣ ገና ከስድስተኛው በኋላ አባቱን አባረሩት፣ ልጁ ግን ያንኑ ማሊያ ለብሶ በየቀኑ ተሰለፈ። አባትህን ላባረረ ቤት እንደዛ መጫወት እኔ አልችለውም።

ቁጥር አይዋሽም፦

እሺ አሁን እኔ ልግባ። .328 ከ.276 ይበልጣል ብቻ ብሎ ማለፍ አይቻልም፣ 431 ሆምረን ከ101 ይበልጣል ማለትም አይቻልም፣ ሁለቱም እኮ የተለያየ ጨዋታ ነው የተጫወቱት።

ዋግነር የነበረበት ዘመን ኳሱ የሞተበት ዘመን ነው የሚባለው። አንድ ኳስ እስኪጠቁርና እስኪላላ ጨዋታውን ሙሉ ይጠቀሙበታል፣ ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ምራቅ ቀብቶ ቢወረውር ሕጋዊ ነው፣ እስከ 1920 ማንም አይከለክለውም። ለዛ ነው ሆምረን የጠፋው። 1908ን ውሰዱ፣ የናሽናል ሊግ ጠቅላላ አቬሬጅ .239 ነበር፣ ዋግነር ያን አመት .354 መታ። በሂት፣ በደብል (ሁለተኛ ቤዝ የሚያደርስ ምት)፣ በትሪፕል (ሶስተኛ ቤዝ የሚያደርስ)፣ በአርቢአይ (በምቱ ያስገባው ነጥብ)፣ በቤዝ መስረቅ አንደኛ። በሆምረን ብቻ በ2 ተበልጦ ሁለተኛ ሆነ፣ እሱ 10 የብሩክሊኑ ቲም ጆርዳን 12። 2 ሆምረን ቢጨምር ትሪፕል ክራውን (በአቬሬጅ፣ በሆምረንና በአርቢአይ አንደኛ መሆን) ነበር። ያውም አመቱ ሲጀምር በቃኝ አቆምኩ ብሎ ነበር፣ 10,000 ዶላር ሲሰጡት ነው የተመለሰው። አንድ ሰው ከሊጉ አማካይ በ115 ነጥብ ሲርቅ ሪፕከን በምርጥ አመቱ እንኳን ያላደረገው ነው። ስለዚህ ከዘመኑ ሰዎች ምን ያህል ራቀ ብለን ከለካን ዋግነር ነው፣ ልዩነቱም ጠባብ አይደለም።

የባልቲሞር ልጅ፦

ቁጥር ሆይ ይሄማ ገባኝ፣ ግን ከዘመኑ ሰዎች መራቅ የሚወሰነው ሰዎቹ እነማን ናቸው በሚለውም ነው እኮ። ዋግነር ሲጫወት ጠቅላላው 16 ቡድን ነው፣ ከሴይንት ሉዊስ ወዲያ ቡድን የለም፣ ሁሉም በቀን ነው የሚጫወቱት፣ ፒቸሩ ዘጠኙን ኢኒንግ ደክሞትም ይጨርሰዋል። ሪፕከን ዛሬ ቦስተን ነገ ካሊፎርኒያ፣ ማታ ማታ፣ ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ ሲደርስ ትኩስ ሰው ይመጣበታል 95 ማይል የሚወረውር። ከደካማ መሀል ጎልቶ መውጣት ይቀላል፣ ሁሉም ጠንካራ ሲሆን መጉላት ይከብዳል።

ሦስት ወንዝ፦

ደካማ አልነበሩም! ፒቸሩን ማቲውሰንን ደካማ ልትል ነው? የኒው ዮርክ ጃያንትስ ማናጀር ጆን ማግሮው እድሜ ልኩን ከዋግነር ጋር ሲፎካከር የኖረ ሰው ነው፣ ለሱ ምርጡ ተጫዋች ዋግነር ነበር፣ ከራሱ ተጫዋቾች ሁሉ አስበልጦ። ኤረሩ ላይ ደሞ ማንም ሳያነሳብኝ እኔ ልናገር፣ የዋግነር ፊልዲንግ .940 ነው የሪፕከን .979 ነው፣ ልክ ነው። ግን የዛን ዘመን ጓንት አይታችኋል? መዳፍን እንኳን በደንብ አይሸፍንም፣ ሜዳው ድንጋይና ጉድጓድ ነው። ኳሱን ከአፈርና ከጠጠር ጋር ዝቆ አብሮ ይወረውረው ነበር እያሉ ያዩት ሰዎች ያወሩ ነበር። በዛ ሜዳ ላይ የተቆጠረውን ኤረር የኦሪዮልስ ሜዳ ካምደን ያርድስ ካለው ምንጣፍ ከሚመስል ሳር ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ግራ እጅ፦

አንድ ያላያችሁት ነገር አለ፣ ሁለቱ ሰዎች ከምታስቡት በላይ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም መጀመሪያ ሾርትስቶፕ አልነበሩም፣ ለቦታው ትልቅ ናቸው ተብለዋል። ዋግነር 200 ፓውንድ የሚመዝን፣ ደረቱ ሰፊ፣ እግሩ የተንሻፈፈ፣ እጁ ረጅም ሰው ነው፣ አውትፊልድም ፈርስትም ሰርድም ሲያዞሩት ቆይተው ሾርትስቶፕ ላይ የረጋው ወደ ሰላሳ አመቱ ሲጠጋ ነው። ሪፕከን ቁመቱ 6 ጫማ ከ4 ኢንች፣ ሰርድ ቤዝ ነበር የታሰበለት፣ ማናጀሩ ኧርል ዊቨር ናቸው ጁላይ 1982 ላይ ሰው ሁሉ እየተቃወማቸው ሾርትስቶፕ ላይ ያቆሙት። እንደ ሌላው ሾርትስቶፕ እንደ ኦዚ ስሚዝ አይገለባበጥም፣ ግን የሚመታውን ሰው ያጠናል፣ ፒቸሩ ምን ሊወረውር እንደሆነ ያውቃል፣ ኳሱ ከመመታቱ በፊት የሚሄድበት ቦታ ቀድሞ ይቆማል። 1984 ላይ 583 አሲስት (ተቃራኒን ያስወጣ ውርወራ) አድርጓል፣ የአሜሪካን ሊግ ሪከርድ፣ ቀርፋፋ ነው የተባለው ሰው።

ግን ከዋግነር በኋላ ማንም ትልልቅ ሰዎችን እዛ ማቆም አልቀጠለም፣ እሱ ልዩ ፍጥረት ነው ተብሎ ታለፈ። ከሪፕከን በኋላ ነው በሩ የተከፈተው፣ ዴሬክ ጂተር፣ ኖማር ጋርሲያፓራ፣ አሌክስ ሮድሪጌዝ ሁሉ የመጡት። 2001 የኮከቦቹ ጨዋታ ሲያትል ላይ ሪፕከን ሰርድ ቤዝ ተመድቦ ነበር፣ ሮድሪጌዝ ነው ገፍቶ ሾርትስቶፕ ላይ ያቆመው፣ ቦታው ያንተ ነው ብሎ። ያን ማታ ሪፕከን ሆምረን መትቶ የጨዋታው ምርጥ ተብሎ ወጣ፣ በ40 አመቱ!

ትርሲት አትላንታ፦

ቆይ ግን፣ ይሄን ሁሉ ስታወሩ አንድ ስም ማንም አላነሳም፣ እኔ ስጠብቅ ነበር። ዋግነር 20 አመት ሙሉ የተጫወተው ጥቁር ሰው እንዳይገባ በሩ በተዘጋበት ሊግ ውስጥ ነው። ጃኪ ሮቢንሰን የገባው 1947 ነው፣ ዋግነር ካቆመ ከ30 አመት በኋላ። ያኔ ከዘመኑ ሰዎች ምን ያህል ራቀ ስትሉ ከየትኞቹ ሰዎች?

በዛው ዘመን አንድ ሾርትስቶፕ ነበር፣ ጆን ሄንሪ ሎይድ፣ ፖፕ ሎይድ ይሉታል፣ 1884 ፍሎሪዳ የተወለደ። ረጅም፣ እጁ ትልልቅ፣ አፈሩን ከኳሱ ጋር እየዛቀ የሚወረውር፣ ጥቁሩ ዋግነር ነበር የሚባለው። አሁን ሦስት ወንዝ የጠቀስካቸው ዲትሮይት ታይገርስ አሉ አይደል፣ 1909 ዋግነር ያሸነፋቸው? በቀጣዩ አመት 1910 መጨረሻ ላይ ኩባ ሄደው ከኩባ ቡድኖች ጋር ተጫወቱ፣ ሎይድ ለሀቫና ተሰልፎ .500 መታባቸው። ታይ ኮብ ራሱ ሜዳው ላይ ነበር። ሎይድ ከነዛ ሰዎች ጋር ሊግ ውስጥ አንድ ጨዋታ እንኳን እንዲጫወት አልተፈቀደለትም፣ ሆል ኦፍ ፌም የገባው 1977 ነው፣ ከሞተ በኋላ።

እኔ ዋግነርን እየወቀስኩ አይደለም፣ በሩን የዘጉት የቡድን ባለቤቶቹ ናቸው። ግን እኛ ጥቁር አንባቢዎች ቁጭ ብለን የምንጊዜም ምርጥ ስንል ይሄን ሰው ሳንጠራ ማለፍ የለብንም። ልቤ በጣም ይቃጠላል ስለሱ ሳስብ።

ቁጥር አይዋሽም፦

ትርሲት ትክክል ነሽ፣ እኔም ከሊጉ አማካይ ስል የዛን ሊግ አማካይ ማለቴ ነው፣ ሎይድና ሌሎቹ ቢገቡበት አማካዩ ራሱ ከፍ ይል ነበር፣ ዋግነር አሁንም ላይ ይሆናል ብዬ አምናለሁ፣ ርቀቱ ግን ይጠባል። የሚያናድደው ደግሞ፣ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል በ2020 የኒግሮ ሊጎችን (ጥቁሮች ይጫወቱባቸው የነበሩትን) እንደ ሜጀር ሊግ እቆጥራለሁ አለ፣ በ2024 ቁጥራቸውን ከሌላው ጋር ቀላቀለ፣ የተቆጠረው ግን ከ1920 እስከ 1948 ያለው ነው። ሎይድ 1920 ላይ 36 አመቱ ነው። ምርጥ ዘመኑ በሙሉ ከዛ በፊት ስለሆነ አሁንም ሳይቆጠርለት ቀረ።

ጋሽ ታክሲ፦

ልጄ ትርሲት ተባረኪ። ይህን ያህል ዓመት እዚህ አገር ስኖር ስለዚህ ሰው የነገረኝ የለም።

ሦስት ወንዝ፦

እኔም ልቀበል፣ ትርሲት ያልሽው እውነት ነው። የኔ ዝርዝር እንዲህ ነው፣ አንደኛ ዋግነር፣ ሁለተኛ ሎይድ፣ ሶስተኛ ሪፕከን። ሎይድን ሁለተኛ ያደረግኩት በይሉኝታ አይደለም፣ ኩባ ላይ ያደረገው ይበቃኛል።

የባልቲሞር ልጅ፦

ሎይድን በደስታ እቀበላለሁ፣ ከዋግነር በላይ ብታደርገውም አልከራከርህም። ሪፕከን ሶስተኛ የሚለውን ግን አልቀበልም፣ የትርሲት ነጥብ እኮ የኔን ነው የሚያጠናክረው። ሪፕከን የገጠመው በሩ ለሁሉም በተከፈተበት ዘመን ነው፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ዶሚኒካን፣ ፖርቶሪካን፣ ቬንዙዌላን ሳይል ምርጥ የሆነው ሁሉ እዛ ነበር። 1991ን ተመልከት፣ .323፣ 34 ሆምረን፣ 114 አርቢአይ፣ ጎልድ ግሎቭ፣ ቡድኑ ግን 67 አሸንፎ 95 የተሸነፈ፣ ከፊትና ከኋላው የሚያግዘው መቺ በሌለበት። ከዛ በፊት በአሜሪካን ሊግ ከተሸናፊ ቡድን ኤምቪፒ የተሰጠው ሰው አልነበረም፣ እሱ ነው የመጀመሪያው። ሦስት ወንዝ፣ እሱን አመት አይተህ ተመለስና ደግመን እንነጋገር።